ምዕራፍ 7፦ የተማሪው መንገድ የት ላይ ይዘጋል?

አንድ ዲፓርትመንት ሥርዓተ ትምህርቱን ሊከልስ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያደርገው የቀድሞውን ሰነድ ፈልጎ ማውጣት ነው። ሰነዱ ብዙ ጊዜ ረጅም የዎርድ ፋይል ነው፤ መግቢያ አለው፣ የፍላጎት ዳሰሳ አለው፣ የተመራቂ ፕሮፋይል አለው፤ ከዚያ ኮርሶቹ በየሴሚስተሩ ተከፍለው በሰንጠረዥ ይደረደራሉ። ኮሚቴው የአንዱን ኮርስ ስም ያሻሽላል፣ ሁለቱን ያዋህዳል፣ አንድ አዲስ ይጨምራል፣ ክሬዲቱን ደምሮ ከጣሪያው እንዳያልፍ ያስተካክላል። ወርክሾፕ ይጠራል፣ የውጭ ገምጋሚዎች አስተያየት ይሰጣሉ፣ ሴኔት ያጸድቃል። በዚህ ሁሉ መሀል ሳይጠየቅ የሚያልፍ ጥያቄ አለ፦ ተማሪው በዚህ ኮርስ ቢወድቅ ስንት ሌሎች ኮርሶች ይዘጉበታል?

መምህራኑ ግድ አጥተው አይደለም። ሰንጠረዡ መልሱን ስለማያሳይ ነው። «ፕሪሪኩዚት» የሚለው አምድ የሚናገረው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብቻ ነው። ለሰርኪዩት ፊዚክስ ያስፈልጋል ይላል፤ ለፊዚክስ ሒሳብ ያስፈልጋል የሚለው ግን ሌላ ገጽ ላይ ነው። ሁለቱን ገጾች፣ ከዚያም ሦስተኛውንና አራተኛውን አያይዞ ያነበበ ሰው ብቻ ሰንሰለቱን ያያል። ሃምሳ ኮርስ ባለው ፕሮግራም ይህን በዓይን መከታተል አድካሚ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የሰከንድ ሥራ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምናያቸው ሶፍትዌሮች ከሁሉ በፊት የሚጠቅሙን ለዚህ ነው። በዝርዝር የተቀመጡት ኮርሶች አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደተሳሰሩ አውጥተው ያሳዩናል።

ለእኛ አገር አንባቢ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ባለፉት ሃያ ዓመታት ሥርዓተ ትምህርታቸውን ደጋግመው ቀይረዋል። አዲስ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ መስኮች እንዲመደቡ የሚያደርገው ፖሊሲ መጣ፤ ኮርሶችን በሞጁል የማደራጀት ለውጥ ተከተለ፤ ቀርቶ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ። እያንዳንዱ ለውጥ በመላ አገሪቱ ያሉ ዲፓርትመንቶች ሰነዳቸውን እንደገና እንዲከፍቱ አድርጓል። አንድ ኮርስ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ዓመት ሲገፋ እሱን ተከትለው የሚመጡት ሁሉ አብረው ይገፋሉ፤ የክሬዲቱ ድምር ግን አይለወጥም። ድምሩን ብቻ የሚያይ ኮሚቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆጥሮ ያልፋል።

ሰንሰለቱን በቁጥር መለካት እንደሚቻል በግልጽ ካሳዩት መካከል በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ከእነሱ አንዱ ግሪጎሪ ሄይልማን የምህንድስና ፕሮፌሰር ብቻ አልነበሩም፤ በዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ውስጥ የሥርዓተ ትምህርት ኃላፊነትም ነበራቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እያንዳንዱን ኮርስ በሁለት ቁጥሮች መዘኑት። የመጀመሪያው በኮርሱ ላይ የሚያልፈው ረጅሙ ሰንሰለት ስንት ኮርስ እንዳለው ነው። ሁለተኛው ተማሪው ያን ኮርስ ካላለፈ ስንት ኮርሶች እንደሚዘጉበት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ የኮርሱ ክብደት ይሆናል፤ የኮርሶቹ ክብደት ሁሉ ሲደመር ደግሞ የሥርዓተ ትምህርቱን ውስብስብነት ይሰጣል። ይህን የሚያሰላው ሶፍትዌር፣ ካሪኩላር አናሊቲክስ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ተለቋል። የኮርሶቹን ስም፣ ክሬዲትና ፕሪሪኩዚት በሰንጠረዥ ፋይል ይቀበላል፤ ኮርሶቹን በክብ፣ ግንኙነታቸውን በቀስት ይሥላል። ማውሱን አንዱ ክብ ላይ ስናሳርፍ በእሱ ምክንያት የሚዘጉት ኮርሶች ጎልተው ይታያሉ።

አሠራሩ እንዲገባን ስድስት ኮርስ ብቻ ያለው አንድ ትንሽ ምሳሌ እንውሰድ። ሒሳብ 1 ለሁለት ኮርሶች፣ ለሒሳብ 2ና ለፊዚክስ፣ በር ነው። ሒሳብ 2 ለዲፈረንሻል ኢኩዌሽን በር ይከፍታል። ሰርኪዩት ለመግባት ፊዚክስም ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንም ያስፈልጋል። ከሰርኪዩት በኋላ ኤሌክትሮኒክስ ይመጣል። ረጅሙ ሰንሰለት ከሒሳብ 1 ተነሥቶ በሒሳብ 2፣ በዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና በሰርኪዩት አልፎ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ያበቃል፤ አምስት ኮርስ ነው። ሒሳብ 1 የዚህ ሰንሰለት አካል በመሆኑ 5 ያገኛል፤ የቀሩትን አምስቱንም ስለሚዘጋ ሌላ 5 ይጨመርለታል፤ ክብደቱ 10 ይሆናል። ሒሳብ 2 በዚሁ ስሌት 8፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን 7፣ ፊዚክስና ሰርኪዩት 6፣ 6፣ ማንንም የማይዘጋው ኤሌክትሮኒክስ 5 ያገኛሉ። ድምሩ 42 ነው።

ሁሉም ኮርሶች በክሬዲት እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። በተማሪው ሕይወት ላይ ያላቸው ክብደት ግን እኩል አይደለም። ኤሌክትሮኒክስን የወደቀ ተማሪ አንድ ኮርስ ይደግማል፤ ሒሳብ 1ን የወደቀ ተማሪ ሁሉም ነገር ይቆምበታል። ሒሳብ 1 የሚሰጠው ደግሞ ተማሪው ከቤቱ ርቆ በመጣበት፣ ዶርሙን፣ ካፌውንና አዲሱን የትምህርት አሰጣጥ ገና እየለመደ ባለበት የመጀመሪያ ሴሚስተር ነው። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ከፍተኛውን ክብደት የምንጭነው ተማሪው አቅሙ በደከመበት ሰዓት ነው።

ከእነ ሄይልማን ጥናት አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦሃዮ ግዛት ዴይተን አጠገብ የሚገኘው ራይት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ችግር በራሱ መንገድ ፈትቶታል። እዚያ ምህንድስና ለመማር ከሚገቡት ተማሪዎች የካልኩለስ ኮርሶቹን ጨርሰው የሚወጡት ከግማሽ ያንሱ ነበር። የሚቀሩት የምህንድስና ኮርስ የሚባል ነገር ሳይቀምሱ ነበር የሚሄዱት። ኔታን ክሊንግቤይልና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ አዲስ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ከፈቱ። ኮርሱን የሚያስተምሩት የምህንድስና መምህራን ናቸው፤ ይዘቱ ፊዚክስ፣ ሜካኒክስ፣ ሰርኪዩትና የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ውስጥ በእርግጥ ሥራ ላይ የሚውለው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ላብ አለው። ይህን ኮርስ ያለፈ ተማሪ ካልኩለስን እስኪጨርስ ሳይጠብቅ ወደ ምህንድስና ኮርሶች ይገባል። ካልኩለስ አልተሰረዘም፤ ተማሪው ጎን ለጎን፣ ረጋ ብሎ ይወስደዋል። ይህ አካሄድ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ተስፋፍቷል።

ለውጡን በትንሹ ምሳሌያችን ላይ እንሞክረው። አዲሱን ኮርስ የምህንድስና ሒሳብ እንበለው። ለፊዚክስና ለሰርኪዩት በር የሚከፍተው አሁን እሱ ነው። ከእሱ ተነሥቶ በፊዚክስና በሰርኪዩት አልፎ ኤሌክትሮኒክስ የሚደርሰው ሰንሰለት አራት ኮርስ አለው። ከሒሳብ 1 ወደ ሒሳብ 2ና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚወስደው ሌላው ሰንሰለት ሦስት ኮርስ ያለው ሆኖ ለብቻው ይሄዳል። ስሌቱን ስንደግመው የምህንድስና ሒሳብ 7፣ ፊዚክስ 6፣ ሰርኪዩት 5፣ ኤሌክትሮኒክስ 4 ያገኛሉ፤ በሌላው መስመር ሒሳብ 1 5፣ ሒሳብ 2 4፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን 3። ድምሩ 34 ነው። ኮርስ ጨምረን ውስብስብነቱ ከ42 ወደ 34 ወረደ። ዝርዝሩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ለውጥ ሸክም መጨመር ይለው ነበር።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሰንሰለቱ ዋጋ ከዚህም ይከብዳል። አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ አንደኛ ሴሚስተር ላይ የወደቀ ተማሪ ኮርሱን የሚያገኘው በሚቀጥለው ዓመት ከጁኒየሮቹ ጋር ነው። ስለዚህ የአሜሪካኖቹን ስሌት እንዳለ መውሰድ አይበቃንም፤ ኮርሱ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ የሚያሳይ አንድ አምድ መጨመር አለብን። በሁለቱም ሴሚስተር የሚሰጥ ኮርስና በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ፣ ሰንሰለቱ ውስጥ ያላቸው ቦታ አንድ ቢሆንም፣ የአንዱ መውደቅ ስድስት ወር፣ የሌላው አንድ ዓመት ያስከፍላል። የቤተሰብን ወጪና የተማሪውን ዕድሜ አስቡት። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩ፣ ለብዙዎቹም የማካካሻ ፕሮግራም መክፈት እንዳስፈለገ እናውቃለን። ይህን ክፍተት ይዞ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያ የሚጋጨው ከዚያችው ክብደቷ 10 ከሆነች ኮርስ ጋር ነው።

ሶፍትዌሩ ግን ቀስቱ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። የሰጡትን ይሥላል። እዚህ ላይ ሥራው ወደ መምህራኑ ይመለሳል፤ ውይይቱም የሚሞቀው እዚህ ነው። «ሒሳብ 2 ሳይወስዱ ሰርኪዩት እንዴት ይገባቸዋል?» የሚል መምህር በየስብሰባው አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው በአጠቃላይ ክርክር ሳይሆን የሰርኪዩትን ኮርስ አውትላይን ከፍቶ ሳምንት በሳምንት በማየት ነው። የኪርሾፍ ሕጎችን ሲማር ተማሪው የሚያስፈልገው የመስመራዊ እኩልታዎችን ሥርዓት መፍታት ነው። ካፓሲተር ሲሞላና ሲለቅ የሚያሳየው ክፍል የመጀመሪያ ደረጃ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይፈልጋል፤ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ በጥቂት ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ተለዋዋጭ ከረንት ላይ ሲደርሱ ኮምፕሌክስ ቁጥር ይመጣል። የሒሳብ 2ን ሴሚስተር ብዙ ጊዜ የሚወስዱት የኢንተግሬሽን ዘዴዎችና ኢንፊኒት ሲሪስ ግን እዚያ እምብዛም አይነኩም። እንዲህ ሲመረመር አንዳንዱ ቀስት ይጸናል፣ አንዳንዱ ጎን ለጎን ሊወሰድ እንደሚችል ይታወቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ ካታሎግ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ፣ ምክንያቱን ማንም የማያስታውሰው ሆኖ ይገኛል።

ሬጅስትራር ያለው የውጤት መረጃም ይረዳል። ሒሳብ 2 ላይ ዲ ያገኙት ተማሪዎች ሰርኪዩት ላይ ከሌሎቹ ጋር እኩል ከሆኑ ፕሪሪኩዚቱ የተባለውን ሥራ እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሒሳብ 2ን ጨርሶ የወደቁት ሰርኪዩትን ስላልወሰዱ በመረጃው ውስጥ የሉም። ያለፉትን ብቻ አወዳድሮ ውሳኔ መስጠት ያሳስታል።

ውስብስብነቱን ዝቅ ማድረግ በራሱ ግብ መሆን የለበትም። አናቶሚ ሳይማሩ ቀዶ ሕክምና የለም፤ ያ ቀስት ማንም ቢመጣ አይነሣም። በሌላ በኩል «ሰንሰለቱ ረጅም የሆነው ትምህርቱ ጥራት ስላለው ነው» የሚለው መከላከያ ብዙ አያስኬድም። የእነ ሄይልማን ቡድን በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የኤሌክትሪካል ምህንድስና ፕሮግራሞች ከደረጃቸው ጋር አነጻጽሮ ያገኘው ተቃራኒውን ነው። ከፍ ያለ ደረጃ የተሰጣቸው ፕሮግራሞች ውስብስብነታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ይህ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብሎ ለመደምደም አያበቃም፤ ጥራትና የተጠላለፈ ሰንሰለት አንድ ነገር እንዳልሆኑ ለማሳየት ግን ይበቃል።

እስከ አሁን ያየነው የኮርሶቹን ቅደም ተከተል ነው። በኮርሱ ውስጥ የሚሆነውን የሚያሳዩ መሣሪያዎችም አሉ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ዳያና ላውሪላርድ መማርን በስድስት ዓይነት ከፍለውታል፦ ማዳመጥና ማንበብ፣ መመርመር፣ መለማመድ፣ መወያየት፣ በጋራ መሥራት እና የራስን ሥራ ማምረት። በእሳቸው መሪነት የተሠራው ለርኒንግ ዲዛይነር በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። መምህሩ የክፍለ ጊዜውን እንቅስቃሴዎች በደቂቃ ያስገባል፤ ሶፍትዌሩ ጊዜው በስድስቱ መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ በክብ ግራፍ ወዲያው ያሳያል። «ተማሪ ተኮር» ተብሎ የተጻፈ ሞጁል ግራፉ ላይ ሲወጣ ሦስት አራተኛው ማዳመጥ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የኮርስ አውትላይኖቻችን «ዘዴ፦ ገለጻ፣ ውይይት፣ የቡድን ሥራ» የሚል መስመር ይይዛሉ፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ግን አይናገሩም። ደቂቃውን መጻፍ ብቻውን ብዙ ያጋልጣል።

የጊዜው አከፋፈል የመምህር ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ይቆይ ወይስ ያቋርጥ የሚለውንም ይነካል። ባርት ሪየንቲስና ሊዜት ቶትነል በብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ 151 ሞጁሎችንና 111,256 ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ተማሪዎች ሞጁሉን እስከ መጨረሻ መዝለቃቸውን ከሁሉ በላይ የሚተነብየው በሞጁሉ ውስጥ ለእርስ በርስ ውይይትና ግንኙነት የተመደበው ጊዜ ሆኖ ተገኘ። የተማሪዎች እርካታ ግን እስከ መጨረሻ ከመዝለቃቸው ጋር ጠንካራ ትስስር አልነበረውም። በዓመት መጨረሻ የሚሞላውን የመምህር ግምገማ ቅጽ ብቻ ይዞ ኮርስ ለሚከልስ ዲፓርትመንት ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ኤክሴል ይበቃዋል። በግራ በኩል ተመራቂው ሊኖሩት የሚገቡት ብቃቶች ይጻፋሉ፣ ከላይ ኮርሶቹ ይደረደራሉ፤ በየሳጥኑ ኮርሱ ያን ብቃት ያስተዋውቃል፣ ያጠናክራል፣ ወይስ ተማሪው እንደቻለው ይፈትናል የሚለው ይሞላል። ባዶ የሆነ ረድፍ ማንም የማያስተምረው ብቃት ነው። በስምንት ኮርሶች ውስጥ «ያስተዋውቃል» ተብሎ አንድም ቦታ «ያጠናክራል» ያልተባለበት ረድፍ ደግሞ ተማሪው አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ መግቢያ ሲሰማ መኖሩን ይናገራል። የመውጫ ፈተናው ሲመጣ ዲፓርትመንቶች የብቃት ዝርዝርና የፈተና ብሉፕሪንት አዘጋጅተዋል። ይህን ሥራ ብዙዎች ለፈተናው ብቻ ተጠቅመውበት ወደ መሳቢያ መለሱት፤ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የሰንጠረዡ ግማሽ ያኔውኑ ተሠርቶ ነበር። ተማሪዎች በመውጫ ፈተናው የወደቁባቸውን ርዕሶች ከዚህ ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ችግሩ ተማሪው ጋ ይሁን ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ለመለየት ያስችላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ የኮርስ ዓላማና የሳምንት ዕቅድ በደቂቃ ጽፎ ይሰጣል። ለረቂቅ ያግዝ ይሆናል። ለክለሳው ማዕከላዊ ጥያቄ ግን መልስ የለውም፤ የላቦራቶሪያችሁ ዕቃ ይሠራ እንደሆነ፣ ሒሳብ 1 የሚያስተምር መምህር በሁለቱም ሴሚስተር ይገኝ እንደሆነ፣ ካለፈው ባች ስንቱ የት ላይ እንደቀረ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ያማረ ቋንቋ ያለው ሰነድ በፍጥነት ማምረት ከቀድሞው የተሻለ የትምህርት መንገድ አያደርገውም።

የዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ አባላት፣ የሚቀጥለው ክለሳ ወርክሾፕ ከመጠራቱ በፊት ይህን አድርጉ። ካታሎጋችሁን ወደ ኤክሴል ገልብጡ፤ አራት አምድ ይበቃል፦ ኮርስ፣ ፕሪሪኩዚት፣ የሚሰጥበት ሴሚስተር፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት በኤፍ የቀሩት ተማሪዎች ብዛት። ከዚያ እያንዳንዱ ኮርስ ስንት ሌሎችን እንደሚዘጋ ቁጠሩ። ብዙ የሚዘጋና ብዙ የሚጥል ኮርስ ስታገኙ በክለሳው አጀንዳ ላይ አንደኛ አድርጉት፤ የኮርሶቹን ስም ማሻሻሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።